የህንድ የእጅ ሽመና ሻርፕ ስትገዙ እንዳትሸወዱ

የህንድ የጥጥ ሻርፕ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን በእጅ የተሸመነ አይደለም። ገዢው መለየት ካልቻለ የሚጎዳው ሸማኔው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን እነሆ።

ፊቱን ብቻ አይቶ መግዛት

ከሁሉም የሚከፋው ይኼ ነው። ኢካት የሚባለውን፣ ክሩ አስቀድሞ ተነክሮ የሚሸመነውን ጨርቅ እንውሰድ። በቴላንጋና ግዛት ፖቻምፓሊ፣ በኦዲሻ ደግሞ ሳምባልፑር አካባቢ ይሠራል። ክሩ ገና ሳይሸመን፣ ቀለም እንዳይነካው የተፈለገው ቦታ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ይነከራል፤ ይፈታል፤ ለሚቀጥለው ቀለም እንደገና ይታሰራል። ቅርጹ የሚወጣው ሸማኔው ድሩንና ማጉን ሲያገናኝ ነው። ክሩ ትንሽ ስለሚሸሽ የቅርጹ ጠርዝ የፈሰሰ ይመስላል። ሻርፑን ገልብጡት፤ ቀለሙ በሁለቱም በኩል እኩል መድመቅ አለበት። ጀርባው ፈዞ፣ የፊቱ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ከመሰለ ሕትመት ነው።

ጃምዳኒ የሚባለው የቤንጋል አበባ ያለው ጨርቅ ሌላ ነው። እዚያ አበባው የሚሠራው ተጨማሪ ክር በእጅ እየተጠላለፈ ስለሆነ፣ ጥበብ ሲሠራ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በማሽን የተሠራው ጀርባው ላይ በአበባና በአበባ መካከል የተንጠለጠለ ወይም የተቆረጠ ክር ይተዋል። ጥቅጥቅ ያለ ጃምዳኒ በሕትመት ሻርፕ ዋጋ ከቀረበላችሁ ወይ በእጅ አልተሠራም፣ ወይ ሸማኔው የድካሙን አላገኘም።

ካዲን ከማንኛውም የእጅ ሽመና ጋር አንድ ማድረግ

ካዲ ማለት ክሩም በእጅ የተፈተለ ነው፤ ጋንዲ በቻርካ (በእጅ በሚዞር መፍተያ) እየፈተሉ ያስፋፉት እሱን ነው። ሌላው የእጅ ሽመና ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ይጠቀማል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ለፋብሪካ ክር የካዲ ዋጋ መክፈል ግን ተገቢ አይደለም። የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው የእጅ ሽመና መለያ ምልክት ካለበት አረጋግጡ።

ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አለው ብሎ ሻርፑን መመለስ

ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ሸማኔው ጨርቁ እንዳይጠብበት በመወጠሪያ የያዘበት ቦታ ናቸው። አልፎ አልፎ ወፈር የሚል ክርም ያለ ነው።

እንደ ማንኛውም ልብስ ማጠብ

በኢንዲጎ (በሰማያዊ ማቅለሚያ) የተነከረ ሻርፕ መጀመሪያ አካባቢ ቀለም ይለቃል፤ ከነጭ ጋር አትዘፍዝፉት። ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል፤ በረኪና አታስጠጉት። ማሽን ውስጥ ከገባ ዘርፉ ይተበተባል። ሳትጠመዝዙ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን አውጡና ጥላ ላይ አስጡት።