«ደሴ ምን ፎቶ የሚነሳ ነገር አላት?» ለምትሉ፣ ስህተታችሁ እነሆ

ይቺን ጥያቄ በሳምንት አንዴ ሳልሰማ አልቀርም። ስልክ የያዘ ሁሉ አይጠየፍ አዳራሽን ያነሳል፣ የጦሳን ተራራ ያነሳል፣ ከዚያ «አለቀ» ይላል። እኔም ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ስል ስለነበር ስህተቶቹን የማውቃቸው ከራሴ ነው።

የመጀመሪያው ጉድ ፍለጋ መውጣት ነው። ጉድ ይዞ የሚጠብቃችሁ መንገድ የለም። እንግዳ ነገር የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ተራ ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ላይ ያነሳትን ዝነኛ ፎቶ አስታውሱ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ውሃ ተኝቷል፣ አንድ ሰውዬ ሊሻገር ዘሏል፣ ተረከዙ ውሃውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ክረምት ላይ በኩሬ ደሴን ማን ይበልጣታል?

ሁለተኛው መሮጥ። ሰኞ ገበያን በግማሽ ሰዓት ዞሮ «ምንም የለም» ማለት። አንድ ቀን ዝናብ ያዘኝና አንድ ፀጉር ቤት ፊት ለፊት ተጠለልኩ። ግድግዳው ላይ በእጅ የተሳሉ ጭንቅላቶች አሉ፣ ያው የምታውቋቸው፣ አንዱ አፍሮ፣ አንዱ ጎኑን በምላጭ መስመር የወጣለት። መቶ ጊዜ አልፌያቸዋለሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆምኩ፣ ባለቤቱም ብቅ ብሎ «ልትቆረጥ ነው ወይስ ልታድር?» አለኝ። ያኔ ነው ስፖንጅ ፍራሽ የተሸከመ ሰው የመጣው። ፍራሹ አንገቱን ከነጭንቅላቱ ውጦታል፣ ከፍራሹ በላይ ደግሞ የግድግዳው አፍሮ ልክ የሱ ይመስል ጉች ብሏል። ስድስት አነሳሁ። አምስቱ አይረቡም።

ጉም ሲወርድ ስልክ ኪስ መክተት ደግሞ አለ፣ ይሄ እኔን ያንገበግበኛል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል ተቀምጠን ጉምን እንደ እርግማን እናያለን። ጉሙ እኮ የማትፈልጉትን ሁሉ ይጠርግላችኋል፦ ማስታወቂያውን፣ የመብራት ሽቦውን፣ ተጀምሮ የቀረውን ፎቅ። የሚቀረው አንድ ጃንጥላ ነው፣ ወይም ግማሹ ከጭጋግ የወጣ ባጃጅ። ችግሩ ካሜራው ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፣ ጉሙም አመድ ይመስላል። በስልክ ከሆነ ስክሪኑን ነካ አድርጉና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ሳቧት፣ በካሜራ ከሆነ የብርሃን ማካካሻውን (+/− ምልክት ያለበትን) ፕላስ አንድ ላይ አድርጉት። ሌንሱን መጥረግም አይረሳ፣ ደሴ ላይ ካፊያ ሳይነካው የሚውል ስልክ የለም።

ዙም? በእግራችሁ ተጠጉ። የስልክ ዙም ከመጠን ሲያልፍ ፎቶውን ያቦካዋል እንጂ አያቀርበውም።

አሁን ደስ የማይለው። የሰውን ችግር «ለየት ያለ ነገር» ብሎ ማንሳት። የኔ ቢጤ፣ መንገድ ላይ የተኛ፣ አእምሮው የታመመ። እኔም አድርጌዋለሁ። ገበያ መሃል ሽንኩርታቸው ላይ እንቅልፍ የጣላቸውን እናት አነሳሁ፣ ነቁና አዩኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ደክሞኝ ነው እንጂ ሁሌ እንዲህ አይደለሁም» አሉኝ። አጥፋው ሳይሉኝ አጠፋሁት። በሌላ ቀን ተመልሼ «እማማ፣ ላንሳዎት?» አልኳቸው። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ሚዛኑን አቅፈው፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ አሉ። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ከመጀመሪያው ያንሳል። እሳቸው ግን አትመህ አምጣልኝ ብለውኝ ወስጄላቸዋለሁ።

ከዚያ ዓይነቱ በቀር ግን እዚያው ቆማችሁ ፎቶ አታጥፉ። በዚያች ስክሪን፣ ፀሐይ ላይ፣ እየተራመዳችሁ ምንም አይታያችሁም። ከሳምንት በኋላ ተቀምጣችሁ እዩት። የፍራሹን ፎቶ ላጠፋው ጣቴን አንስቼ ነበር፣ ፀጉር አስተካካዩ ዳር ላይ ግማሹ ገብቶ አበላሸብኝ ብዬ። አሁን ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ መቀሱን ይዞ፣ በሩን ተደግፎ፣ ጭንቅላቱ ወዳልታየው ሰውዬ እየሳቀ።