አባት ካዝላውስካስ፣ እናት ካዝላውስኪየኔ፣ ልጅ ካዝላውስካይቴ፦ የሊትዌኒያ ስም ሲያስቸግር

ባለቤቴ በእናቷ በኩል የሊትዌኒያ ዘር አላት። የቺካጎ ልጅ ናት፤ እዚያ ከተማ ሊትዌኒያውያን ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። የቅድመ አያቷን የልደት መዝገብ እንፈልግ ብለን ስንቀመጥ የአንድ ቅዳሜ ሥራ መስሎን ነበር። ሁለት ክረምት ፈጀብን። መዝገቡ ጠፍቶ አይደለም፤ ስሙን ማንበብ አለመቻላችን ነው። ትክክለኛው የቤተሰቡ ስም ይቆየንና ካዝላውስካስ እንበለው፤ ሊትዌኒያ ውስጥ እንደ አሸን የፈላ ስም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የቤተሰብ ስም

ባል ካዝላውስካስ፣ ሚስት ካዝላውስኪየኔ፣ ሴት ልጅ ካዝላውስካይቴ። ጀማሪ ሰው ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ይመስሉታል። እኔማ ልጅቷን የጉዲፈቻ ልጅ አድርጌያት አርፌ ነበር።

ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ነው። የወንድ ስም ባብዛኛው በ«አስ»፣ በ«ኢስ» ወይም በ«ኡስ» ያልቃል። ያገባች ሴት የባሏን ስም ትወስድና መጨረሻውን «ኢየኔ» ታደርገዋለች። ያላገባች ልጅ ደግሞ የአባቷን ስም ትይዛለች፤ «አስ» የነበረው «አይቴ»፣ «ኢስ» የነበረው «ኢቴ»፣ «ኡስ» የነበረው «ኡቴ» ይሆናል። የአገሪቱን ፕሬዚዳንቶች ቤት ማየት ይበቃል። የቫልዳስ አዳምኩስ ባለቤት አልማ አዳምኪየኔ፣ የጊታናስ ናውሴዳ ባለቤት ዲያና ናውሴዲየኔ ይባላሉ። ዳሊያ ግሪባውስካይቴ ግን አላገቡም፤ ስማቸው ራሱ ይናገራል። አባታቸው ግሪባውስካስ ነበሩ ማለት ነው።

ስለዚህ ስትፈልጉ ጭራውን ቁረጡና ግንዱን ያዙ። የተቆረጠውን ጭራ ግን አትጣሉት፤ እሱም ይናገራል። «አይቴ» ካያችሁ ሴትዮዋ በዚያ ቀን አላገባችም፣ ጋብቻዋን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ፈልጉ። «ኢየኔ» ካያችሁ የያዛችሁት የባሏን ስም ነው፤ የአባቷን የምታገኙት ከጋብቻ መዝገቧ ነው። የቅርብ ጊዜ ሰነድ ላይ ይህ ላይሠራ ይችላል። ከ2003 ወዲህ ሴቶች ማግባት አለማግባታቸውን የማይናገር፣ በ«ኤ» ብቻ የሚያልቅ ስም መያዝ ተፈቅዶላቸዋል።

እኛ አበሾች በዚህ ለመሳቅ አፍ የለንም። «የልጅሽ የቤተሰብ ስም ካንቺ ጋር ለምን አይገጥምም?» ተብላ ኤርፖርት ላይ ያልተያዘች እናት ስንት ትሆን?

መቃብሩ ላይ የተጻፈው ስም የትም የለም

ቺካጎ ያለው መቃብር ድንጋዩ ግራጫ ነው፣ ግማሹን የድንጋይ ሽበት በልቶታል። አናቱ ላይ «ካዝላውስኩ ሸይማ» ይላል። ካዝላውስኩ የሚባል ሰው ሦስት ሳምንት ፈለግኩ። የለም። ሊኖርም አይችልም። «ሸይማ» ቤተሰብ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው፣ ከሥሯ ትንሽ ጭራ ያላት «ኡ» ደግሞ «የካዝላውስካሶች» የሚል ትርጉም ትሰጣለች። ሰነድ ላይም «ዮኖ ካዝላውስኮ» ካያችሁ «የዮናስ ካዝላውስካስ» ማለት ነው፣ ሌላ ሰው አይደለም።

የዚህ ዘመድ የሆነ ወጥመድ በፖላንድኛ የተጻፉ የጋብቻና የልደት መዝገቦች ላይ አለ። ከሴቷ ስም ቀጥሎ «ዝ» የምትል አንዲት ፊደል ትመጣና ሌላ ስም ይከተላታል። «ከ» ማለት ስለሆነች የመንደር ስም ትመስላለች። ሴትዮዋ የወጣችበት ቤት፣ ማለትም የአባቷ ቤተሰብ ስም ነው። እኛ ካርታ ላይ መንደር ስንፈልግ ነበር።

ከ1918 በፊት ሰውየው ድራሹ ይጠፋል

ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው። ሊትዌኒያ ነፃ የወጣችው በ1918 ነው፤ ከ1795 ጀምሮ አብዛኛው ክፍሏ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበር። ከ1864 እስከ 1904 ደግሞ ሊትዌንኛን በላቲን ፊደል ማተም ክልክል ነበር። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ መጀመሪያ በላቲን፣ ከዚያ በፖላንድኛ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ደግሞ እየቆየ በሩሲያኛ ተጻፈ። ቤቱ ዮናስ ካዝላውስካስ የሚለው ሰው መዝገብ ላይ ያን ኮዝሎቭስኪ ወይም ኢቫን ኮዝሎቭስኪ ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስታል፤ የነሱ ዮናስ የኛ ዮሐንስ እንጂ ዓሣ ነባሪ የዋጠው ነቢይ አይደለም።

የቤተሰብ ስሙ አለባበሱን የሚቀይርበት ሥርዓት አለው። «አውስካስ» የነበረው «ኦቭስኪ»፣ «አቪቹስ» የነበረው «ኦቪች»፣ «ኢንስካስ» የነበረው «ኢንስኪ» ይሆናል። የከፋው ስሙ በትርጉሙ ሲለወጥ ነው። ካልቪስ በሊትዌንኛ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ የቄሱ ብዕር ኮቫልስኪ ካደረገው በድምፅ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

የመጠሪያ ስምም እንዲሁ። ቫይቲየኩስ በፖላንድኛ ቮይቼኽ፣ በላቲን አዳልቤርቱስ፣ አሜሪካ ሲገባ ብዙ ጊዜ አልበርት ነው። አራቱም አንድ ሰው ናቸው። በተቃራኒው የ1840ዎቹ ገበሬ ጌዲሚናስ ወይም ሚንዳውጋስ ተብሎ የተጻፈበት የዘር ሐረግ ካገኛችሁ ተጠራጠሩ። እነዚህ አገሪቱ በ1387 ክርስትናን ከመቀበሏ በፊት የነበሩ የመሳፍንት ስሞች ናቸው፤ በሰፊው የተመለሱት አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። ያ ገበሬ መዝገብ ላይ የቅዱስ ስም ነው የሚኖረው፣ እንደ ክርስትና ስማችን።

እኛን ያዳነን አንድ ወረቀት ነው። ፍለጋ ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱን ስም በሊትዌንኛ፣ በፖላንድኛ፣ በሩሲያኛና በላቲን ጽፈን ኮምፒውተሩ ጎን ለጠፍነው። ከስሙ በፊት ደግሞ ደብሩን እወቁ። ኢፓቬልዳስ የሚባለው የአገሪቱ ነፃ ድረ ገጽ ብዙ የደብር መዝገብ አለው፤ ግን ገጽ በገጽ የሚገለጥ ፎቶ ነው። ደብሩንና ዓመቱን ሳታውቁ ስም ብቻ ይዛችሁ ብትገቡ ዓይናችሁ ይጠፋል።

«ኤሊስ ደሴት ላይ ስማችንን ቀየሩት»

ይህን የማይል ቤተሰብ የለም፤ አትመኑት። ኤሊስ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያለች፣ ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች የሚመረመሩባት ደሴት ነበረች። የደሴቱ ሠራተኞች የሚያመሳክሩት መርከቡ ከተነሳበት ወደብ ተሞልቶ የመጣውን ዝርዝር ነበር። ስሙ ያጠረው በኋላ፣ ሥራ ቦታ፣ ትምህርት ቤት ወይም ዜግነት ሲወሰድ ነው። የመርከቡን ዝርዝር በአሮጌው ስም ፈልጉት። «ሩሲያዊ» ወይም «ፖላንዳዊ» ቢል አትለፉት።

ቀኑ በ12 ቀን ይለያያል

ለኛ ይሄ ቀላሉ ነው፤ በሁለት ካላንደር መኖር ለምደናል። የሩሲያ ግዛት የሚጠቀመው አሮጌው አቆጣጠር በ19ኛው ክፍለ ዘመን 12 ቀን፣ ከ1900 በኋላ 13 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። አንዳንድ መዝገብ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይጽፋል፤ ስህተት አይደለም። የባለቤቴ ቅድመ አያት ልደት በመጨረሻ ተገኘ። መዝገቡ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1889 ይላል። ያ ግራጫ ድንጋይ ፌብሩዋሪ 15 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።