ሁለት ቀለሞች በቅስት ሥር ሲገናኙ፦ ችግርና መፍትሄ

እዚህ የማወራው በቅስት ስለሚገናኙና የተለያየ ቀለም ስለሚቀቡ ሁለት ክፍሎች ነው። ልስኑ ደርቆ፣ ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆና አቧራው ተጠርጎ የተቀባ ቤት እንደሆነ አድርጌ እጀምራለሁ። ያ ካልተሟላ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይረዳም።

ክሬሙ የቆሸሸ ይመስላል

ለጥምቀት እንግዳ ለመቀበል በታኅሣሥ ወር ቤታቸውን ከሚያስቀቡ ደንበኞቼ አብዝቼ የምሰማው ቅሬታ ይህ ነው። ለብቻው ሲታይ የሚያምር የሳሎን ክሬም፣ በቅስቱ በኩል ነጩ ኮሪደር አብሮት ሲታይ ጭስ ያገኘው ይመስላል።

ምክንያቱ የቀለሙ ጥራት ሳይሆን ጉርብትናው ነው። «ነጭ» ተብሎ የሚሸጥ ቀለም ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቢጫ፣ ሌላውም ወደ ግራጫ ያዘነብላል። ዓይናችን እያንዳንዱን ቀለም የሚመዝነው ከጎኑ ካለው ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ፣ ሰማያዊ የነካው ነጭ አጠገቡ ያለውን ክሬም ቢጫነቱን አጉልቶ ያደፈ ያስመስለዋል። በፓሪሱ የጎብላን ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍሉን ይመራ የነበረው ኬሚስት ሼቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ሲመረምር ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን አጠገቡ የተሸመኑት ቀለሞች መሆኑን አረጋግጦ፣ ጥናቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 አሳትሟል።

ጎንደር፣ አዘዞ አንዲት እናት ቤት የገጠመኝን አልረሳውም። ጠርተውኝ ስሄድ ከቅስቱ ጎን፣ በእጃቸው ቁመት ልክ፣ ክሬሙ ላይ እንደ ሳህን የሰፋ የሚያብረቀርቅ ክብ ጠበቀኝ። «ልጄ፣ ሦስት ቀን በሳሙና ፈተግሁት፤ አልለቅ አለኝ» አሉኝ። ቆሻሻው ግድግዳው ላይ ስላልነበረ ሊለቅ አይችልም ነበር። እኔም በጊዜው ምክንያቱን ስላልተረዳሁ ከዚያው ቆርቆሮ ደግሜ ቀባሁላቸው፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ሳሎኑን ሳልነካ የኮሪደሩን ነጭ ጥቂት ቢጫ ባለው ነጭ ስቀይረው፣ ክሬሙ በዚያው ቀን ጠራ።

ስለዚህ ሁለቱን ቀለሞች ከመግዛትዎ በፊት ናሙናቸውን በነጭ የጽሕፈት ወረቀት ላይ አስጠግተው ይመልከቱ፤ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ወዲያው ይታያል። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ይስማማሉ። ቀጥሎ ግማሽ ሜትር የሚያህሉ ሁለት የኮምፔንሳቶ ቁራጮችን ሁለት ሁለት ጊዜ ቀብተው፣ ከደረቁ በኋላ ሁለቱ ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ ጎን ለጎን ያቁሟቸው። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መብራት በርቶ ይዩአቸው። በሱቅ ውስጥ ከምትታይ የጣት ወርድ ካለው የናሙና ካርድ ተነሥተው ለቤት ሙሉ ቀለም አይግዙ። እርጥብ ቀለም አይተውም አይፍረዱ፤ የውሃ ቀለም ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል።

በጥምቀት ያማረው በክረምት ተጣላ

ጎንደር ላይ ፀሐይ በቀትር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ የተመረጠ ቀለም በደቡብ መስኮት በሚገባ ሞቅ ያለ ብርሃን ያምርና፣ ሐምሌ ላይ ደመናው ሲከብድ ግራጫ ይሆናል። በታኅሣሥ የሚያስቀቡ ከሆነ ናሙናውን ፀሐይ በማይደርስበት የክፍሉ ጥግ ጭምር ይፈትሹት።

ከሁሉ በፊት ግን አምፖሎቹን ይመልከቱ። ሳሎኑ ላይ 3000 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን)፣ ኮሪደሩ ላይ 6500 ኬልቪን (ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብል ነጭ ብርሃን) የተጻፈበት አምፖል ካለ፣ በቅስቱ ሥር ማታ ማታ ምንም ዓይነት ቀለም አይስማማም። ማራኪ አካባቢ አንድ ቤተሰብ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ አስቀብቶ ገንዘቡን ጨርሷል፤ የተፈለገው አንድ አምፖል መቀየር ብቻ ነበር። እባክዎ አምፖሉን ሳይቀይሩ ቀቢ አይጥሩ።

መስመሩ ጠማማ ሆነ

በጎንደር ፒያሳ ዙሪያ በጣሊያን ጊዜ በተሠሩትና በሌሎች የቆዩ የድንጋይ ቤቶች የግድግዳው ውፍረት ክንድ ስለሚያህል፣ የቅስቱ ውስጠኛ ገጽ ራሱን የቻለ ግድግዳ ነው፤ የማንኛው ክፍል እንደሆነ ሳይወሰን ሥራ መጀመር የለበትም። እኔ ሁልጊዜ በነጣው ክፍል ቀለም አስቀባዋለሁ፤ የቀለሞቹ ድንበር ጠቆር ባለው ክፍል በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ይውላል። ጠርዙ በዘመን ብዛት ተሸራርፎ ከሆነ በቱንቢ ለክተው፣ ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፈው በስቱኮ ይሙሉት። የተሸራረፈ ጠርዝን በብሩሽ ብቻ ቀጥ አደርጋለሁ የሚል ቀቢ ካጋጠመዎ ሥራውን ያስቁሙት።

ቀለሙ ድንበሩን ለመጠበቅ በሚለጠፈው የወረቀት ፕላስተር ሥር እየገባ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ፕላስተሩን በደረቀው ነጣ ያለ ቀለም ላይ ከለጠፉ በኋላ ጠርዙን መጀመሪያ በዚያው በነጣው ቀለም ይቀቡት። የሚገባው ቀለም ከሥሩ ካለው ጋር አንድ ስለሆነ አይታይም፤ ክፍተቱንም ይደፍነዋል። እሱ ሲደርቅ ጠቆር ያለውን ይቀቡና ገና እርጥብ ሳለ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፈው በዝግታ ይላጡት። ደርቆ ከተላጠ ቀለሙን ይዞት ይነሣል፤ ከሥር ሳይፈተግ የተሸፈነ አሮጌ ዘይት ቀለም ካለ ደግሞ ያለ ጥርጥር ይነሣል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው የማያብረቀርቅ ከሆነ ቀለማቸው አንድ ቢሆን እንኳ ሁለት መስለው ይታያሉ።

በአንድ ግድግዳ መካከል የጥላ መሰል ልዩነት ከታየ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ በተለያየ ጊዜ የተመረተ ነው፤ የቀሩትን ቆርቆሮዎች በአንድ ትልቅ በርሜል ደባልቀው ግድግዳውን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እንደገና ይቀቡት።