ፊደል የተሳሳተበት ኢሜይል እንዳይመለስ፦ ፖስትፊክስን እንዴት እናስተካክላለን?

ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ያውቀዋል። በኢሜይል አድራሻው ውስጥ ያለውን «ዘጌ» የሚል ስም እንግዶች በላቲን ፊደል ሲጽፉ፣ አንዱ በ«ኢ» ይጨርሰዋል፣ ሌላው «አይ» ይጨምርበታል፣ ሦስተኛው መሀሉ ላይ «ኤች» ይከታል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት የፈለገ እንግዳ ፊደል አጣርቶ አይጽፍም። ኢሜይሉ «እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም» ተብሎ ይመለስበታል፣ እሱም ሌላ ጀልባ ይፈልጋል። ኢሜይል ተቀብሎ የሚያደርሰውን የሰርቨር ፕሮግራም፣ ፖስትፊክስን፣ በማስተካከል ይህን ማስቀረት ይቻላል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመክረው ካችኦልን ነው። በዶሜይናችሁ (ከ@ በኋላ ባለው ስም) የመጣ ማንኛውም አድራሻ አንድ ሳጥን ውስጥ ይግባ ማለት ነው። ይሠራል፣ እኔ ግን አልወደውም። ስፓም ላኪዎች ስም እየገመቱ ነው የሚልኩት፤ ሰርቨሩ በር ላይ ይመልሰው የነበረውን ሁሉ ካችኦል እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ያንን ደግሞ ወደ ጂሜይል የምታስተላልፉ ከሆነ፣ ስፓም ላኪ መስላችሁ የምትታዩት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ የሚጠበቀውን ስህተት ብቻ የሚይዝ ሬጌክስ (ጽሑፍን በቅርጹ የሚያገጥም መስመር) ይሻላል።

የፖስትፊክስን ዋና የማስተካከያ ፋይል፣ ሜይን.ሲኤፍን፣ ክፈቱ (ኮፒ አስቀምጡ፣ መቼስ ይህ አይነገርም)። «ቨርቹዋል ኤሊያስ ማፕስ» የሚለው መስመር ላይ (ኤሊያስ ማለት ወደ ሌላ አድራሻ የሚመራ አድራሻ ነው) ሁለት ፋይል ስጡት፦ መጀመሪያ የሃሽ፣ ማለትም አድራሻና መድረሻው እንዳለ የሚዘረዘርበት፣ ቀጥሎ የሬጌክስ።

ሬጌክሱ ፋይል ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ይገባል፤ «ዘግ» ባልኩበት ቦታ «ዜድ፣ ኢ፣ ጂ» የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት አስገቡ፦

/^ዘግ.*@ምሳሌ\.ኮም$/ ጀልባ@ምሳሌ.ኮም

ከ«ኮም» በፊት ያለችው ነጥብ የኋሊት ሰረዟ አይቅርባት፤ ከቀረ ነጥብ ማለት «ማንኛውም ፊደል» ይሆናል። ትልቅና ትንሽ ፊደል አያስጨንቃችሁም፣ ፖስትፊክስ በራሱ አይለያቸውም። በሬጌክስ ፋይል የመስመር ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፤ ከላይ ቀድሞ የገጠመው ያሸንፋል።

ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ቢሮ ውስጥ ዘገየ የሚባል ሠራተኛ ካለ የእሱም አድራሻ በእነዚያው ሦስት ፊደላት ይጀምራል። ሳጥኑ በትክክል ቢከፈትለትም ኢሜይሉ ወደ ጀልባ ይሄዳል። ፖስትፊክስ መጀመሪያ ኤሊያሱን ይተረጉማል፣ «ይህ ሳጥን አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ካችኦል ከሆነማ ይብሳል፤ የሁሉንም ሠራተኛ ኢሜይል ጠራርጎ ይወስዳል። አንድ አስጎብኚ ቢሮ ጥምቀት ሲቃረብ ካችኦል አስገብቶ የሒሳብ ክፍሉ ሳጥን ጭር አለ። ሎጉ ላይ ስህተት የለም፣ ሁሉም «ተልኳል» ይላል። ገና ሥራ ስላልተጀመረ ነው ብለው ዝም አሉ፤ ለካ ደረሰኙ ሁሉ እንግዳ መቀበያው ሳጥን ውስጥ ተከምሯል።

መድኃኒቱ ሲያዩት ቂል ይመስላል። እውነተኛውን አድራሻ በሃሽ ፋይሉ ውስጥ ወደ ራሱ ላኩት፦

ዘገየ@ምሳሌ.ኮም ዘገየ@ምሳሌ.ኮም

ሙሉ አድራሻው መጀመሪያ ሃሹ ላይ ስለሚፈለግ ሬጌክሱ ጋ አይደርስም። የግድ ካችኦል የምትፈልጉ ከሆነ በግራ በኩል @ምሳሌ.ኮም ብቻ ጻፉ፤ ያኔ ግን ያሉትን ሳጥኖች ሁሉ አንድም ሳይቀር ወደ ራሳቸው መላክ አለባችሁ። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥርም እንዲሁ።

ሃሹን በነካካችሁ ቁጥር ፖስትማፕን (ፋይሉን ፖስትፊክስ ወደሚያነበው ቅርጽ የሚቀይረውን ትእዛዝ) አስኪዱ፤ ሬጌክሱ አያስፈልገውም። ከዚያ ማስተካከያው እንደገና እንዲነበብ «ፖስትፊክስ ሪሎድ» በሉ።

ስትፈትሹ አንድ ነገር እንዳያወናብዳችሁ፦ ፖስትማፕን በ«ኪው» አማራጭ ስትጠይቁት የሰጣችሁትን ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። ያልተመዘገበ አድራሻ ብትሰጡት፣ ካችኦሉ እየሠራም ቢሆን ባዶ ይመልሳል። እኔ ሴንድሜይል የሚባለውን ትእዛዝ በ«ቢቪ» አማራጭ እመርጣለሁ፤ ኢሜይሉን ሳይልክ የት እንደሚደርስ ሪፖርት ወደ ሳጥናችሁ ይልካል። በሦስቱም የዘጌ አጻጻፍ ሞክሩ፣ ዘገየንም ጨምሩ፣ በመጨረሻም ጭራሽ የሌለ ስም። ካችኦል ካላስገባችሁ ያ የመጨረሻው «የለም» መባል አለበት።