የግሎባላይዜሽንን ጥቅምና ጉዳት በአንድ ሸሚዝ መመዘን

ኢኮኖሚክስ ሳስተምር በየዓመቱ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ፤ «ግሎባላይዜሽን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የአገሮች ምርትና ንግድ እርስ በርስ መተሳሰር ማለት ነው። ድሮ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራ ጥቅሙን፣ በቀኝ ጉዳቱን እደረድር ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ተማሪዎቹ ዝርዝሩን ይሸመድዳሉ እንጂ አንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚወለድ አያዩም። ስለዚህ ሸሚዝ ይዤ እገባለሁ። እናንተም አንድ አውጡ።

አንገቱ ላይ የተሰፋችውን ምልክት አንብቡ። የምትነግራችሁ የተሰፋበትን አገር ነው። ጥጡ የበቀለው፣ ጨርቁም የተሸመነው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ጉዞ እንዴት አዋጣ? ብዙዎች ቶሎ የሚያነሱት የቀረጥ መቀነስን ነው። እሱም አለበት። እኔ ግን ከኮንቴይነር እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት 58 ኮንቴይነሮችን ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን በመርከብ ላከ። ከዚያ በፊት ዕቃው በአብዛኛው ጆንያ በጆንያ፣ ሳጥን በሳጥን በሰው ጉልበት ነበር የሚጫነው። ኮንቴይነር ሲስፋፋ የመጫኛ ወጪው አሽቆለቆለ፤ ሩቁ ገበያ ቀረበ። በየወደቡ የነበሩ ብዙ ጫኚዎችም ከሥራ ወጡ። ጥቅሙንም ጉዳቱንም ያመጣው ያው ሣጥን ነው።

ቀጥሎ የሰፋችውን ሴት አስቡ። ከባንግላዴሽ የወጪ ንግድ ገቢ ከ80 በመቶ በላዩ ልብስ ነው። ሥራው ለሚሊዮኖች፣ በተለይም ለሴቶች፣ የራሳቸውን ደመወዝ አስገኝቷል። ግን እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው አገር የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። በማግስቱ ሠራተኞቹን ግቡ አሏቸው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ጉሮሮዬን ይይዘኛል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፤ የገደላቸው ንግዱ ነው ወይስ የቁጥጥር መጥፋት? ከአደጋው በኋላ ከ200 በላይ ኩባንያዎች አስገዳጅ የደህንነት ስምምነት ፈረሙ፤ ፋብሪካዎች ተፈተሹ፣ ተጠገኑ። ልብሱ ያኔም ይሸጥ ነበር፤ ዛሬም ይሸጣል። ስለዚህ ጉዳት ስትጽፉ ሊስተካከል የሚችለውን ለይታችሁ ጻፉ።

አሁን ደግሞ ሥራው ከእጁ የወጣበትን ሰው ፈልጉ። ይህ ከሁሉም የሚዘለለው ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ከተቀላቀለች በኋላ ብዙ የአሜሪካ ፋብሪካ ከተሞች ሥራ አጡ፤ በአንዳንዶቹ ቁስሉ ከአሥር ዓመት በኋላም አልሻረም። በሌላ በኩል ቻይና በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ 800 ሚሊዮን ሰው ከከፋ ድህነት አውጥታለች። ይህ ሁሉ የንግድ ሥራ አይደለም፤ የእርሻ ማሻሻያው ቀድሞ ነው የተጀመረው። ሸማቹ በሸሚዙ ትንሽ ይቆጥባል፣ ከሥራ የወጣው ግን ኑሮውን ያጣል። አማካዩን ብቻ ካያችሁ ይህን ሰው አታገኙትም። የአገሩ መንግሥት ካተረፈው ላይ ምን እንዳካፈለው፣ ምን ሙያ እንዳሰለጠነው ጠይቁ።

መንገዱ ቢዘጋስ የሚለውንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ መርከብ የስዌዝ ቦይን ለስድስት ቀን ዘግታ በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦችን አቁማለች።

ሸሚዙን ስትጨርሱ ስልካችሁን ያዙ። ለባትሪው የሚያገለግለው ኮባልት የተባለ ማዕድን በዓለም ላይ በአብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። ከቆፋሪው ጀምሩ።