ሴት ባያችሁ ቁጥር ክሊዮፓትራ አትበሉ (እና ሌሎች የሮማ ብር ሳንቲም ስህተቶች)

በመጀመሪያ እሱን ልተንፍሰው። የሳንቲሙ ጀርባ ላይ ሴት ቆማ ካየ «ንግስቷ ናት» የሚል አያልቅም፣ ደፈር ያለው ደግሞ ክሊዮፓትራ ይላታል። ኧረ ወገን! አብዛኞቹ እኮ ሰው አይደሉም፣ ሰላም ዕድል ደስታ የሚባሉት ናቸው በሴት መልክ የተቀረጹት፣ ንጉሱ «በኔ ዘመን ይሄ ሁሉ አለላችሁ» እያለ ነው። ፊቷን ተዉትና እጇን እዩ። የወይራ ዝንጣፊ ከያዘች ብዙ ጊዜ ፓክስ (ሰላም) ናት። በአንድ እጇ የመርከብ መሪ በሌላው ፍሬ የሞላው ቀንድ ካለ ፎርቱና (ዕድል)። ሚዛንና ቀንድ ከሆነ ግን ቀስ በሉ፣ ኤኩዊታስም (ፍትሃዊነት) ሞኔታም (የገንዘብ አምላክ) ያንኑ ነው የሚይዙት፣ የሚለያቸው ዙሪያው ላይ ያለው ጽሁፍ ነው። አንዱ «ይቺማ የፍርድ ቤቷ ሴትዮ ናት» ብሎ ሲከራከረኝ አመሸ፣ አይኗ እንኳን አልተሸፈነም! የሚያስቀው ደግሞ ንጉሱ ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ የዲናሪየሱን (የሮማ ዋናው የብር ሳንቲም) የብር መጠን ወደ ግማሽ ገደማ አውርዶት ሲያበቃ ሚዛን የያዘችዋን ማስቀረጹን አለመተዉ።

«ቄሳር» የሚል ጽሁፍ ስላለ ዩልዮስ ቄሳር ነው ማለት አይደለም፣ ከሱ በኋላ የመጡት ነገስታት በአብዛኛው ይጠሩበታል።

ራሱ ላይ ጨረር ያለውን ንጉስ ቅዱስ ነው የምትሉ፣ ጨረሩ የጸሀይ አምላክ ዘውድ ነው። ንጉሱ ካራካላ እ.ኤ.አ 215 ላይ ያወጣው አዲሱ የብር ሳንቲም ከዲናሪየስ የሚለየው በዚህ ነው፣ የንግስቶቹ ደግሞ ከደረታቸው ስር ግማሽ ጨረቃ አለ።

የጢባርዮስን ዲናሪየስ «ጌታ ለቄሳር ስጡ ሲል የያዘው ይሄ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ዋጋ እየጨመረባችሁ ነው። ወንጌሉ የቄሳር መልክና ጽሕፈት አለበት ይላል እንጂ የትኛው ቄሳር እንደሆነ አልጻፈም።

ጠርዙ ጋ አረንጓዴ ወይ ቀላ ያለ ነገር ብቅ ካለ ውስጡ መዳብ ሊሆን ይችላል። እዛው ሮማውያን ዘመን ላይ ብር ለብሶ የተሰራ ፎርጅድ ሞልቷል።

እባካችሁ ደግሞ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፣ የእናታችሁ የአንገት ሀብል አይደለም። ጥቁረቱን ሰብሳቢዎች ይወዱታል፣ ከተፋቀ ዋጋው ይወርዳል። አፈር ውስጥ የከረመ ብር ደግሞ አንዳንዴ ከውስጥ ይሰባበራል፣ ላዩ ደህና መስሏችሁ ጫን ስትሉት ቀጭ ይላል። አፈር ከያዘው የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉትና ተዉት።