የቦይለር መጋቢ ፓምፕ ሲንኳኳ፦ ቡሬ ላይ ያገኘነው መፍትሔ

አንድ ፋብሪካ ለሙከራ ስናስነሳ የቦይለሩ መጋቢ ፓምፕ፣ ማለትም ከውሃ ታንከሩ ወደ እንፋሎት ማመንጫው ቦይለር ውሃ የሚገፋው፣ ሦስት ቀን አስቆመን። ጠዋት ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ይሠራል። ታንከሩ ሲሞቅ ግን ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንኳኳል፣ የግፊት ጌጁ መርፌ ይርገበገባል፣ ከዚያ ውሃ መግፋት ያቆማል።

የመሳቢያውን ወንፊት ፈተን አጠብን፤ ጥቂት የብየዳ ቅርፊት ወጣ እንጂ ለውጥ የለም። አየር አስወጣን። ከሞተሩ ጋር ያለውን አላይመንት (የዘንጎቹን አሰላለፍ) አስተካከልን። ኩሽኔታ እስከ መቀየር ደረስን።

በአራተኛው ቀን ታንከሩ አናት ላይ ወጥቼ ቴርሞሜትር ከተትኩ። 93 ዲግሪ ላይ ውሃው ይንተከተካል! ቴርሞስታቱ የተሞላው በ95 ነበር፤ በማኑዋሉ መሠረት። ቡሬ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ 93 ገደማ ላይ ይፈላል። ፓምፑ ከውሃው ጋር እንፋሎት ይስብ ነበር።

ወደ 85 አወረድነው፤ ድምፁ ጠፋ፣ መርፌው ረጋ። አደራ፣ የውሃው ሙቀት ሲቀንስ በውስጡ የሚቀረው ኦክስጅን ይጨምራል፤ ቦይለሩንም ይበላል። ስለዚህ ኦክስጅኑን ከውሃው የሚያስወግደውን ኬሚካል፣ የሰልፋይቱን መጠን ጨምሩ፣ በውሃ ምርመራም አረጋግጡ። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከቡሬም ከፍ ትላለች፤ እዚያ የምትሠሩ የመፍያውን ነጥብ ከዚህ ዝቅ አድርጋችሁ አስሉ።